ማማ የተለዋወጡት ጎረቤታሞች

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ የጦር አለቃው፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። «ከጎረቤት ንጉሥ ጋር ተማምለን ሳለን ጠላት በየተራ ይዘርፈናል፤ ነገ ከእሱ የጦር አለቆች ጋር ለምክክር ስቀመጥ ምን ልበል?» ነው ያልከኝ። ስማኝ እንግዲህ።

ሰውየው የማሽላ ገበሬ ነበር። እርሻው ከተዳፋቱ ግርጌ፣ የጎረቤቱ እርሻ ደግሞ ከበላዩ ነው። ከሁለቱም ጎን ገደል አለ፤ ገደሉ ላይ የዝንጀሮ መንጋ ያድራል። አምና መንጋው እሸቱን ስለጨረሰበት ለዘር የሚሆነውን እንኳ ያገኘው ለምኖ ነው። ዘንድሮም ከተደገመ ልጆቹን ይዞ ከመሰደድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር ፍየል አርደው፣ ጠላ ጠጥተው፣ «ያንተ ጠላት ጠላቴ ነው» ተባብለው ማሉ። በማግስቱ እያንዳንዱ ወንጭፉን ይዞ በገዛ ማሽላው መሃል ካለው ማማ ላይ ወጣ። የላይኛው ሲወነጭፍ መንጋው ወደ ታች ወረደ። የታችኛው ሲወነጭፍ ወደ ላይ ተመለሰ። ሁለቱም በየማማቸው ላይ «ድል አደረግሁ!» እያሉ ይፎክራሉ፤ ዝንጀሮው ከአንዱ ቁርስ፣ ከሌላው ምሳ እየበላ ይወፍራል።

«ዝንጀሮህን ሰብስብ!» ይላል የታችኛው።

«የኔ አይደለም! ያንተ እሸት ጣፍጦት ነው የሚመላለሰው» ይላል የላይኛው።

አንድ ቀን ማለዳ የላይኛው ወደ ማማው ሲመጣ የታችኛው ወጥቶ ተቀምጦበት አገኘው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመሐላው ጠላ ገና አልነቃህም እንዴ? ያንተ ማማ ከታች ነው!»

«አውቃለሁ። ሂድና የኔን ጠብቅልኝ፤ ያንተን እኔ እጠብቃለሁ።»

«ዝንጀሮውን ወደየት ልታባርር?»

«ወደ ታች እንዳላባርር ከታች ያለው የኔ ማሽላ ነው። ከገደሉ በቀር መስደጃ የለኝም። አንተስ ወደ ላይ ታባርራለህ?»

ጎረቤቱ ወደ ገዛ ማሽላው አየና ራሱን አከከ። «እኔ እዚያ ብሆን፣ አንተ እዚህ ብታንቀላፋስ?»

«አንተ ነቅተህ ከጠበቅክ ለምን አንቀላፋለሁ? አንተ ከተኛህ ግን እንቅልፍ እኔም እችልበታለሁ።»

ጎረቤቱ ሳቁ አመለጠውና ወደ ታች ወረደ። የዚያን ቀን ዝንጀሮው ከላይም ከታችም ወደ ገደሉ ተሰደደ። ቢመለስም ያው ገጠመው፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሸለቆ ፍለጋ ሄደ። ሰውየው በመከር ጎተራውን ሞላ፤ ለምኖ ያገኘውንም ዘር ለሰጠው ሰው መለሰ።

እንግዲህ የጦር አለቃው፣ ማሽላው አገራችሁ ነው፤ ዝንጀሮውም ያው የምታውቀው ነው። እናንተም በየማማችሁ ተቀምጣችሁ ጠላትን አንዳችሁ ወደ ሌላችሁ ትነዳላችሁ፤ ከዚያም ድል አደረግን ትላላችሁ። ነገ «ወንድሞቻችን ናችሁ» ብለህ ጊዜ አትፍጅ፤ እሱን አምናም ብለኸዋል። «የእናንተን በር የኔ ጦር ይጠብቅ፤ የኔን በር የእናንተ» በላቸው። እሺ ካሉህ ጦርህ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እምቢ ካሉህም አትዘን፤ ብቻ ከመዝመትህ በፊት ጠላቶችህን እንደገና ቁጠር።