ወንዝ ያልተሻገረው ማኅተም

አንድ ጊዜ በአንበሳ አገር የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። እህል የሚጭኑባት ጎረቤቶቿ ሁሉ ሸክሙን እንጂ ከሸክሙ በታች ያለውን ቆዳ አያዩም ነበርና ጀርባዋ ከመላጥ ያረፈበት ቀን አልነበረም። በመጨረሻ ምርር ሲላት ጊዜ ተቀምጣ ራሷ ኮርቻ ሰፋች። ውስጡን ለስላሳ ሣር ሞላችው፣ ዙሪያውን በጠፍር ጠፈረችው፣ የጀርባ አጥንት የሚያርፍበትን መሃሉን ክፍት ተወችው። ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ አፈረሰችው። በአራተኛው ጭነቷን ገበያ አድርሳ ስትመለስ ጀርባዋ ደህና ነበር።

በቅሎ ይህን አይታ «ለእኔም» አለች። ግመልም መጣ፣ በሬም መጣ። አህያዋ በእያንዳንዱ ኮርቻ ጎን ላይ የሁለት ቀጥ ያሉ ጆሮዎች ምልክት እየተኮሰች ትሸጥ ጀመር። አንበሳ ዘንድ ሄዳም ምልክቱን አስመዘገበች፤ አንበሳም በመዳፉ አተመላት። ማኅተሙን ጠቅልላ አስቀመጠችና ከእንግዲህ የሚነካኝ የለም ብላ አረፈች።

ችግሩ ሣሩ ነበር። በአንበሳ አገር ዝናብ ጠፍቶ ለስላሳው ሣር አለቀ። ከወንዙ ማዶ፣ በዝሆን አገር ግን ሣሩ ሆድ ይነካል። ይህን የነገራት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ጉዳይ በማስፈጸም የሚኖረው ቀበሮ ነው።

«ማዶ አያ ጅቦ አለልሽ» አላት። «ግቢው ሰፊ ነው፣ ዘመዶቹም ሥራ ፈት ናቸው። ጠፍሩንና ልኩን ስጪው፣ እዚያው ይስፋልሽ።»

«ጅብ? ቢበላኝስ?»

«በዝሆን አገር እንግዳ መብላት በሕግ የተከለከለ ነው። ጫፍሽን የሚነካ የለም።»

«እንግዲያው ውል እንጻፍ።»

ቀበሮ ፊቱን አጨፈገገ። «አያ ጅቦ ውል ሲባል ይቀየማል፣ አላመነችኝም ይላል። ነገሩን ከመነሻው አታበላሺው፣ እመት አህይት።»

አህያዋን ደስ አላላትም። ግን የበቅሎና የግመል ትእዛዝ ተከምሮባት ነበርና ጠፍሯን ጭና ወንዙን ተሻገረች። ጅብ ጠፍሩን ሲያይ ምራቁን ዋጠ።

«ይህ ሁሉ ለመስፊያ ብቻ ነው?»

«ለመስፊያ ብቻ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ትንሽ እንኳ አይተርፍም?»

«አይተርፍም።»

ሃያ ቀን ሙሉ ከጎኑ ተቀምጣ አብራው እየሰፋች አሠራሩን አሳየችው። ሃያ ቀን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። የመጀመሪያዎቹ ኮርቻዎች አልቀው ወደ አገሯ ልትመለስ መሻገሪያው ላይ ስትደርስ፣ ጠባቂው ዝንጀሮ አስቆማት።

«ኮርቻው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ምልክቱስ?»

«እሱም የእኔ ነው።»

ዝንጀሮው ወረቀቱን አገላበጠ። «የሁለት ቀጥ ያሉ ጆሮዎች ምልክት በዚህ አገር በአያ ጅቦ ስም ተመዝግቧል። ይህ የእሱን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ይያዛል።»

አህያዋ የሰማችው እንዲደገምላት ጠየቀች። ደገመላት። ኮርቻዎቹ አንድ በአንድ ወደ መጋዘን ሲገቡ ቆማ አየች፤ ያን ሁሉ ጠጋግና የሞላችውን፣ ያን ሁሉ በጥርሷ ጎትታ ያጠበቀችውን።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄደች። ሹሟ እማማ ዔሊ ገና ከቤታቸው እየመጡ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደርሰው ነበር፣ ግን መዝገቡን ለመክፈት እየተዘጋጁ ነበር። በሦስተኛው ቀን አህያዋ የአንበሳን ማኅተም ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

እማማ ዔሊ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «የአንበሳ ነው። ጥሩ ማኅተም ነው። ግን ወንዙ ላይ ያበቃል።»

«እማማ፣ ኮርቻውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በቅሎም ግመልም ይመሰክሩልኛል።»

«ልጄ፣ እኔ የምመዘግበው ቀድሞ ያመለከተውን ነው። አያ ጅቦ መጣ፣ አመለከተ። አንቺ አልመጣሽም።»

«መምጣት እንዳለብኝ ማን ነገረኝ?»

«ማንን ጠየቅሽ?»

አህያዋ ማኅተሙን መልሳ ጠቀለለች። «ሥጋዬን እንዳይበላ ሕግ አላችሁ። ሥራዬን ሲበላው ሕግ የላችሁም?»

«አለን» አሉ እማማ ዔሊ። «መቃወሚያሽን በጽሑፍ አቅርቢ፤ ይታያል።»

በር ላይ ቀበሮ ፀሐይ እየሞቀ አገኘችው።

«የጅብን ማመልከቻ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሳይሸሽ። «ጻፍልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። አንቺም ብትዪኝ እጽፍልሽ ነበር።»

ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህ ነው። ልትረግጠው አስባ ተወችው፤ በዝሆን አገር እንግዳ ቢራገጥ ምን እንደሚደረግ አታውቅምና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አላረፈችም። መቃወሚያዋን ጽፋ አስገባች። ፊርማ ጎድሏል ተብላ ተመለሰች። ፈርማ መጣች። ሁለት ቅጂ ነው የሚያስፈልገው ተባለች። ሁለት አድርጋ መጣች። አገሯ ስትገባ በቅሎ «ኮርቻዬስ?» ትላታለች፤ ማዶ ስትሻገር ዝንጀሮው «ደግሞ መጣሽ?» ይላታል።

ጅብ በበኩሉ በሁለቱ ጆሮዎች ምልክት እየሸጠ ነበር። የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ጠፍሩን በልቶ ጨርሶት ነበርና በልጥ ይሰፋ ጀመር፤ ለስላሳውን ሣር መልቀም ስለሰለቸውም እሾህ የቀላቀለውን እያጨደ ይሞላበታል። የማዶ በቅሎዎች ጀርባቸው ተላጠ። የበሬ ወገብ ቆሰለ። አንድ ቀን የዝሆንን ጨው የጫነ ግመል ወንዝ ሲሻገር ልጡ ተበጠሰና ጨዉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ገባ።

ዝሆን ተቆጣ፣ ሁሉንም ወደ መዝገብ ቤቱ ጠርቶ ሰበሰበ። አህያዋም የዕለቱን ወረቀቷን ይዛ እዚያው ነበረች።

«የሁለቱ ጆሮዎች ባለቤት ማን ነው?» ሲሉ እማማ ዔሊ ጠየቁ።

ጅብ ሽልማት መስሎት ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። «እኔ ነኝ።»

«በሕጋችን ባለምልክቱ ለዕቃው ይጠየቃል። የተጎዱት ሁሉ ጀርባቸው እስኪድን ድረስ ጭነታቸውን ትሸከማለህ።»

ጅብ ዞር ብሎ የቆሙትን አያቸው። በቅሎዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ግመሉም ነበረ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ፈጥኖ። «ምልክቱ የአህያ ነው። እዩት፣ የእኔ ጆሮ ክብ ነው። ከእሷ ነው የወሰድኩት። ቀበሮ ነው አስመዝግበው ያለኝ።»

ቀበሮ ከኋላ በጅራቱ ምልክት ሊሰጠው ሞከረ፤ ግን ጅብ አላየውም።

«በገዛ አፍህ ነው የምትለው?»

«በገዛ አፌ።»

እማማ ዔሊ መጻፍ ጀመሩ። አንዱን ፊደል ጽፈው ወደ ሌላው እስኪያልፉ አህያዋ ጅቡ ቃሉን እንዳይለውጥ ፈርታ በአራት እግሯ ተቁነጠነጠች። «እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ፈጠን ይበሉ» አለች። እማማ ዔሊ ግን አልፈጠኑም። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጡ።

«ምልክቱ ከዛሬ ጀምሮ የአህያ ነው።»

ጅብ እፎይ ብሎ ወደ በሩ አመራ።

«የት ነው?» አሉት። «ኮርቻዎቹ የተሸጡት ትናንትና ከትናንት በፊት ነው። ያኔ ባለቤቱ አንተ ነበርክ። ከግመሉ ጀምር።»

አህያዋ መጋዘን ሄዳ የተያዙባትን ኮርቻዎች ጠየቀች። ዝናብ ገብቶባቸው ሻግተው ነበር። የተበላው ጠፍርም አልተመለሰም። እንደገና ከመጀመሪያው መስፋት ግድ ሆነባት፤ ሰፋችም።

ክረምቱ ሲያልፍ ቀበሮ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ብቅ አለ። «እመት አህይት፣ ከተራራው ወዲያ በጎሽ አገር ከዚህ የተሻለ ሣር አለ» አላት።

«መዝገብ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለችው።

«ኧረ መጀመሪያ ሣሩን እንይ እንጂ።»

አህያዋ ግን ወረቀቷን ሸክፋ መንገድ ጀምራ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በአገራችን የተሰጠን ማኅተም በሌላ አገር እንደማይጠብቀን አውቀን፣ ሥራችንን ይዘን ድንበር ከመሻገራችን በፊት ውላችንን በጽሑፍ ማሰርና ስማችንን በዚያው አገር መዝገብ ማስፈር እንደሚገባን ነው።