ማንም ሳይዛት ያረፈች አውሮፕላን

ተማሪዎቹ ገና ድምፁን ሲሰሙ የሚርበተበቱለት አንድ የበረራ አስተማሪና ፈታኝ ነበር፤ ካፒቴን ጓንጉል ይባላል። እሱ ሲናገር ማቋረጥ ነውር፣ እሱን መጠየቅ ደግሞ ድፍረት ነበር።

ትርሲት የምትባል ተማሪ የአብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ልትፈተን በትንሽ አውሮፕላን አጠገቡ ተቀመጠች። በሁለቱም ወንበር ፊት መሪ አለ። ስለዚህ ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሚረከበው «ያዝኩ» ይላል፣ የሚያስረክበው «ለቀቅኩ» ይላል። ካፒቴኑ ግን ለተማሪ «ያዝኩ» ማለትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። እጁን ከሰደደ መያዙን ተማሪው ራሱ ይወቅ!

ትርሲት አነሳሷም ዙረቷም ያማረ ነበር። የቀራት ማረፍ ብቻ ነው፤ ይቺን ካለፈች ፈቃዱን ታገኛለች። ልታርፍ ስትል ነፋስ ከጎን ገፋት። ካፒቴኑ እጁን በእሱ በኩል ባለው መሪ ላይ ጣል አደረገ። «ይዘውታል?» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ትልቅ ሰው እጁን ሲሰድ ታናሽ እጁን ይሰበስባል ተብላ ነው ያደገችው። ለቀቀችው።

እሱ ደግሞ አልያዘውም! እጁን ያሳረፈው በልማድ ነው። እሷ ይዛዋለች ብሎ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

አውሮፕላኗ ተንጋደደች። አንዱ ጎማ ተገነጠለ፣ ክንፏ መሬቱን እያረሰ ሄደና ቦይ ውስጥ ተደፋች። በሕይወት ወጡ። የትርሲት ክንድ ተሰብሯል፣ የካፒቴኑ ግንባር ተተርትሯል።

ካፒቴኑ ደሙን እንኳ ሳይጠርግ ጮኸባት።

«አንቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ! መሪ ይለቀቃል?»

«እርስዎ የያዙት መስሎኝ ነዋ!»

«ታዲያ አፍ የለሽም? አትጠይቂም?»

ትርሲት በገነች። «መቼ አስጠየቁን? የጠየቀውን ሁሉ ‹ደፋር› እያሉ ከክፍል ሲያስወጡ አልነበር? ‹ያዝኩ› ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?»

«እኔ? ለአንቺ?»

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ሁለቱንም አስጠርታ ሰማቻቸው። «ሁለታችሁም ወድቃችኋል» አለች። «ካፒቴን፣ ከዛሬ ጀምሮ ፈታኝ አይደሉም። ትርሲት፣ አንቺም ፈቃድ የለሽም።»

ትርሲት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ምን አጠፋሁ? አከበርኳቸው እንጂ!»

«ነገ ከኋላሽ ልጅ የታቀፈች እናት ትሳፈራለች» አለቻት ኃላፊዋ። «ስትሞትብሽ ለዘመዶቿ ‹አፍሬ ነው› ትያቸዋለሽ?»

ትርሲት በደህናው እጇ እንባዋን ጠረገች።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፤ ትልቁ በኩራት ዝም፣ ትንሹ በይሉኝታ ዝም! «ዝም አይነቅዝም» ይሉናል፤ እስቲ ክንዷ ለተሰበረባት ልጅ ይንገሯት። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ስንቱ ነገር እንዲህ ሜዳ ላይ ቀረ! አፍ የሚያስዘጋ አክብሮት አክብሮት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። «ያዝኩ» ማለትን የናቀ ሰውም ትልቅ አይባልም።

እናንተስ፣ አፍራችሁ ሳትጠይቁ የለቀቃችሁትን ነገር አሁን ማን ይዞት ይሆን?