የዘፋኟ ጫማና ዶክተሩ

ዓመት ሙሉ ብሎጌ ላይ ስለ አፈር መሸርሸር ጻፍኩ። አንባቢዬ እህቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስለምታዝንልኝ ነው። ቢመረኝ መድረክ ላይ ተረከዙ ስለተሰበረው የአንዲት ዘፋኝ ጫማ ጻፍኩ። በማግስቱ ገጼ በአንባቢ ተጥለቀለቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ የመጽሐፍ ምርቃት ላይ ዶክተር ልሳነወርቅ አዩኝ። ሰላም ለማለት እንኳ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ምሁር ናቸው። ማይክ እንደያዙ ከመቀመጫዬ አስነሱኝ።

"መጨረሻው መስመር ላይ 'ተረከዙን የሰበረው የምቀኛ ዓይን ነው' ስትል ትንሽ አላፈርክም? እስቲ ሕዝብ ፊት ተናገር፤ ይህን ዝባዝንኬ የሚያነበው ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"የተማረ ሰው ነው፣ ዶክተር" አልኳቸው። "የአፈሩንማ እኔ ራሴ ሳነበው አጋምሼ ተውኩት፤ የጫማውን ግን እርስዎ እስከ መጨረሻው መስመር አንብበውልኛል።"