በር ተሸክሞ ለቅሶ የደረሰው

ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ሲከራከር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ከመጽሐፍ የተገኘች የሚመስላቸው አሉ። እኔ አራተኛ ክፍልንም አልጨረስኩ፣ መጽሐፉን አላውቅም፤ አባባሏ ግን የመጣችው ከእኔ ቤት በር ነው።

ባሌ ደምሰው አዲሱን የብረት በር ከበያጁ ተቀብሎ ተሸክሞ ሲመጣ የጎረቤታችንን የአቶ ምትኩን መርዶ ሰማ። በሩን ቤት አስቀምጦ እንደመሄድ በሩን እንደተሸከመ ለቅሶ ደረሰ። የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደገፈው፣ አለቀሰ፣ ከዚያ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች መሃል ተቀመጠ። አሮጌውን በር ደግሞ እኔ ጠዋት ፈልጬ ለለቅሶው ንፍሮ ማገዶ ሰጥቼዋለሁ። ያ የብረት በር ቤት ካልገባ ጅብ ከእኛ ጋር ሊያድር ነው።

ጨዋታው ፖከር የሚሉት ነው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ በየዙሩ አንድ አንድ የንፍሮ ባቄላ ይያዛል። አንዱ ከፍ አድርጎ ሲያስይዝ ሌላው ወይ ካርታውን ጥሎ ይሸሻል፣ ወይ «ልየው» ይልና ይተያያሉ፤ ተመሳሳይ ካርታ የበዛለት ይበላል። ደምሰው ባዶውን ፎክሮ ማባረር ያውቅበታል። አስተማሪውን ልሳኑን ሁለቴ አባረረው፤ ልሳኑ አስቦ አስቦ «ይሄ ሰውዬ ይዟል» ብሎ ጣለ።

የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ጓንጉል ግን አይሸሽም። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ሳያይ ማለፍ ብቻ አይሆንለትም።

«አስር ባቄላ!» አለ ደምሰው ዓይኑን አፍጥጦ።

«ልየው እስቲ።»

«ጓንጉል፣ ትጎዳለህ!»

«ምን እንደያዝክ ሳላይ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ወንድሜ።»

አየው። ደምሰው ምንም የለውም። ጓንጉል ባለ ሁለት ቁጥር ጥንድ ካርታ ብቻ ይዞ ባቄላውን ሰበሰበ፣ ግማሹንም በላው። ደምሰው ባሰበት። በባዶ እጁ ኮቱን አስያዘ፣ ኮቱ ሄደ። አሁንስ ይሸሻል ብሎ «በሩን!» አለ።

«ውይ፣ ይሄንንማ ልየው» አለ ጓንጉል።

እኔ ንፍሮ በሰፌድ ይዤ ስገባ ጓንጉል በሬን ሊሸከም ጎንበስ ብሏል።

«አስቀምጥ!» አልኩት፤ ሄጄም ወንዶቹ መሃል ቁጭ አልኩ። ሴት እዚህ መቀመጥ ወግ አይደለም አሉኝ። በር የሌለው ቤትም ወግ አይደለም አልኳቸው።

«ትልቁን ብረት ድስቴን ከነንፍሮው በበሩ አስይዛለሁ። መቼ እንደሆነ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ፤ እስከዚያ በባቄላ እንጫወት።»

«ደስ ይለኛል፣ እትዬ ስንቅነሽ» አለ ጓንጉል ድስቱን እያየ።

ካርታው ታደለ፤ አየሁት፣ ጣልኩት። ደግሞ ታደለ፤ ጣልኩት። ስምንት ጊዜ ጣልኩ። ወንዶቹ ሳቁብኝ፣ ከባቄላዬ የቀረችኝ አንዲት ፍሬ ናት።

«ፎክሪበት እንጂ!» አለኝ ደምሰው በጆሮዬ።

«አንተ ፎክረህ በሩ የት አለ? ዝም በል!»

በዘጠነኛው ሦስት ንጉሥ መጣልኝ። ማስመሰል አልችልበትም፤ እንዳለ ነገርኩት።

«ጓንጉል፣ ሦስት ንጉሥ ይዣለሁ። ድስቱ በበሩ።»

«ጣል፣ አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ልሳኑ። «ነገረችህ እኮ!»

«መስማትማ ሰማሁ፤ አላየሁም እንጂ። ልየው።»

አንድ በአንድ ዘረጋሁለት። እሱ ጥንድ እንኳ የለውም። ሦስቱን ነገሥታት ጎንበስ ብሎ አያቸው፣ ፊቱ በራ። «እውነትም ሦስት!» አለና በሩን ራሱ ተሸክሞልኝ ወጣ። ኮቱን አላስመለስኩም፤ ደምሰው ይብረደው።

«እኔ በስንት ጥበብ ያጣሁትን እሷ እንዴት እውነቱን ተናግራ ወሰደችው?» ብሎ አጉረመረመ ደምሰው። ይሄን ጊዜ የእድሩ ዳኛ ባሻ ውብሸት ሲያኝኩት የነበረውን ንፍሮ ዋጥ አደረጉና እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ብልጡን በወሬ አባርረው፣ ሞኙን ካርታ ይዘህ ጠብቀው።»