የባዶው ቀፎ ዛፍ

አንድ የደን ዘበኛ ነበር። ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ፊትዎን አያጥቁሩ፣ የጠየቁኝን እየመለስኩ ነው። «የደን ኮሚቴያችን ሁለተኛ ዘበኛ ቢቀጥር የዛፍ ቆረጣው ይቆማል ወይ?» አላሉም?

ዘበኛው ዱላና ፊሽካ ነበረው። ሲቀጠር «ከደኑ ውስጥ ሰው የሚባል አስወጣ» ተባለ። ገበሬዎቹ ድሮ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅሉ ነበር፤ ልጆቻቸውን የሚያለብሱት ማር ሸጠው ነው። ቀፎውን አስወረዳቸው፣ ወጡ። ደኑ ጭር አለ። ከሰል አክሳዮች ገቡ።

እሱ ላይ ሆኖ ፊሽካ ሲነፋ እነሱ ታች ይቆርጣሉ። ወደ ታች ሲሮጥ ላይ ይቆርጣሉ። አለቆቹም «ቆረጣው በዚህ ዓመት ካልቆመ ትባረራለህ» አሉት።

አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ቁጭ ብሎ የመጥረቢያውን ድምፅ ሲሰማ ዘበኛው አገኘው።

«አንተ ሰውዬ፣ እየሰማህ ዝም? ምናለ ብትጮህ?»

«እዛ ምን አለኝና ነው የምጮኸው? ፊሽካው ያንተ፣ ደሞዙም ያንተ።»

ገበሬው ግን ተንኮለኛ ነው። ዘበኛውን ሊያናድደው ብሎ ተደብቆ አንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ቀፎ ሰቀለ። ዘበኛው አየና ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ተከናንቦ፣ ንቡን እየፈራ፣ እያለከለከ ወጣ። ሲከፍተው ባዶ! ገበሬው ከታች ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ንቦቹ ፊሽካህን ሰምተው ሸሹ መሰለኝ!»

ዘበኛው ከማፈሩ የተነሳ ቀፎውን እንኳን ሳያወርድ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ዙሪያው ሁሉ ተቆርጧል። ዋንዛው ብቻ ቆሟል። በዚያ አገር ቀፎ ያለበትን ዛፍ መቁረጥ የሰው ቤት እንደማፍረስ ነው፤ ከሰል አክሳዮቹም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ዘበኛው ቀና ብሎ ባዶውን ቀፎ አየ፤ ነገሩ ገባው። ከዚያ አለቆቹን ሳያስፈቅድ ወደ መንደር ወረደና «ቀፎአችሁን ደኑ ውስጥ መልሳችሁ ስቀሉ» አለ። የመጀመሪያውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

አበባ ሲያብብ ንቦቹ ገቡ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መጥረቢያ ተሰማ። ገበሬዎቹ ሞፈሩን ጥለው፣ ሴቶቹም እየጮሁ ደኑ ውስጥ ገቡ፤ ከሰል አክሳዮቹ መጥረቢያቸውን እየጣሉ ሮጡ። ዘበኛው ፊሽካውን አፉ ላይ እስኪያደርስ ሁሉም አልቋል። ቆረጣው ቆመ፣ እሱም ሳይባረር ቀረ።

እንግዲህ ጋሼ፣ ዘበኛው ኮሚቴያችሁ ነው፣ ገበሬዎቹ እኛ ነን። ሁለት ዘበኛ ቢቀጥሩ ሁለት ፊሽካ ነው የሚሰሙት። በደኑ የሚተዳደር ሰው ማንም ሳይቀጥረው ይጠብቀዋል፤ ያባረሩት ሰው ግን ዛፍ ሲወድቅ ምን ገዶት? አምና ከእኛ የሰበሰባችሁት ቀፎ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሷል። ዘንድሮ አበባው ሊፈነዳ ነው።

የመጋዘኑን ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ አይፈልጉ፤ ቅድም ሲቀመጡ ወድቆብዎት አንስቼዋለሁ፣ እኔ ጋ ነው። ይኸው። መክፈቱን ግን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ አባቴና ጎረቤቶቹ በሩ ላይ ቆመዋል።