የጅብ ዘመድ የሆነችው አህያ

ጅብ አህያን «ዘመዴ» ብሎ ሲጠራት ብትሰሙ፣ ዝምድናው ለማን የሚበጅ ይመስላችኋል?

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በሚገዛው ከተማ፣ አንዲት አህያ ቤት ፍለጋ ትንከራተት ነበር። አርግዛለች፤ ክረምቱ ሳይገባ የምትጠለልበት ጣሪያ ማግኘት ነበረባት። በከተማው መበላላት በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ አራዊቱ ሌላ መተዳደሪያ ይዘዋል። ቀበሮ ደላላ ሆኗል፤ ጅብ ደግሞ ቤት ያከራያል።

ቀበሮ አህያን ወደ ጅብ ግቢ ወሰዳት። ከትልቁ ቤት ጀርባ ቆርቆሮዋ የዛገ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረች። ኪራይዋ በየወሩ ከአዋጁ ወዲህ ከተዘጋው ቄራ አንድ ጭነት አሮጌ አጥንት ነው።

«ውሉስ? ወረዳ ሄደን አናስመዘግብም?» አለች አህያ።

ቀበሮ ያፈረ መስሎ ፊቱን አዞረ። «ኧረ እመት አህያ! አያ ጅቦ እንደ እህቱ አይቶሽ በሩን ሲከፍትልሽ፣ አንቺ ውል ትያለሽ? በቤተሰብ መካከል ውል ነውር አይደለም?»

«ደግሞ ከወረዳ መጥተው ከጠየቁሽ ‹ዘመዱ ነኝ› በያቸው» አለ ጅብ። «ተከራይ ነኝ ካልሽ ግብር ይቆልሉብኛል፤ እኔም አንቺ ላይ እቆልላለሁ።»

ነገሩ አህያን አልጣማትም። ግን ለሰፈሩ እንግዳ ናት፤ ገና ከመግባቷ ጨቅጫቃ መባልን ፈራች። አንገቷን ደፍታ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ የወረዳው ሠራተኛ ወይዘሮ ኤሊ ነዋሪውን ልትመዘግብ ቀስ እያለች ከበር በር ዞረች። አህያ ደጃፍም ደረሰች።

«ተከራይ ነሽ ወይስ ዘመድ?»

ጅብ በመስኮት ያያል። «ዘመዱ ነኝ» አለች አህያ።

ኤሊ የአህያን ጆሮ አየች፤ የጅብንም መንጋጋ አየች። «በምን በኩል?»

«በ... በአያት» አለች አህያ አፏ ላይ የመጣላትን።

ኤሊ ጽፋ ወደ ጎረቤቱ የቀበሮ ግቢ አለፈች። እዚያም ተከራይዋ ፍየል የቀበሮ የአክስት ልጅ ሆና ተመዘገበች። በዚያ ሰፈር ያልተዛመደ አልነበረም።

ሰኔ ሲገባ፣ አንበሳ ለተከራዮች የመንግሥት ቤት ሊያድል ነው ተብሎ ተለፈፈ። አህያ ከሁሉ ቀድማ ወረዳ ደረሰች። ኤሊ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«አንቺ ተከራይ አይደለሽም፤ ዘመድሽ ቤት አለው።»

«ተከራይ እኮ ነኝ! አጥንት ተሸክሜ ወገቤ ተላጠ!»

«እኔ የጻፍኩት ከአፍሽ የሰማሁትን ነው። ተከራይ ብትሆኚ ኖሮ ለቤቱ ትመዘገቢ ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣም ማንም አያስወጣሽም ነበር። ዘመድ ግን እንግዳ ነው፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ተከራይነትሽን ወይ አከራይሽ ይመንልሽ፣ ወይ ምስክር አምጪ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ስትመለስ ጅብ በሩ ላይ ጠበቃት። ቀበሮ ሁለት ጭነት አጥንት የሚያመጣ ከርከሮ አግኝቶለት ነበር።

«ዘመዴ፣ እስከ እሑድ ልቀቂ።»

«በዚህ ዝናብ? ሆዴን አታየውም?»

«ምን ላድርግ፣ ዘመድ በዛብኝ» አለ ጅብ።

አህያ ወደ ፍየል ሮጠች። «እቱ፣ አጥንቱን ስሸከም አይተሻል፤ መስክሪልኝ።»

«ማየቱንማ አይቻለሁ» አለች ፍየል በሯን ገርበብ አድርጋ። «ግን እኔስ የቀበሮ ዘመድ አይደለሁ? ዛሬ አፌን ብከፍት ነገ የት አድራለሁ?»

አህያ ዝናቡ ላይ ቆማ ብዙ አሰበች። ተከራይ ነኝ ብትል የሚያምናት የለም። ዘመድ ነኝ ያለችውን ግን ሁሉም አምኗል፤ ተጽፏልም። በማግስቱ ጅብን ከስሳ ወረዳ አስጠራችው። ቀበሮም መካሪ ሆኖ አብሮት መጣ።

«አቤቱታዬ አጭር ነው» አለች አህያ። «እኔና አያ ጅቦ የአንድ አያት ልጆች ነን። እሱም ብሏል፣ እኔም ብያለሁ፣ ወይዘሮ ኤሊም ጽፈዋል። ያለንበት ቤት የአያታችን ነውና ድርሻዬ ይሰጠኝ። ለመውለድ ስለደረስኩ ሳሎኑን እመርጣለሁ።»

ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠ። «ዝም በል፣ ዝም በል!»

ጅብ ግን ድርሻ የሚለውን ቃል ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ጸጉሩ ቆመ። «የማንን ሳሎን? የአያቴን ቤት? ከመቼ ወዲህ ነው አህያ የጅብ ዘር የሆነችው! ተከራዬ ናት! በየወሩ አጥንት የምታራግፍልኝ ተከራዬ!»

«እንዲያ በለኛ» አለች ኤሊ፣ ጻፈችም።

አህያ ክረምቱን ከክፍሏ የሚያስወጣት ጠፋ፤ ለመንግሥት ቤትም ተመዘገበች። ጅብ ግብር በመደበቁና ነፍሰ ጡር ሊያባርር በመነሳቱ ተከሰሰ፤ ቀበሮም አብሮ ተከሰሰ። በዚያ ከተማ ልማድ እንዲህ ያለ ክስ የሚዘጋው ተበዳይ ይቅር ካለ ብቻ ነው።

አህያ በወለደች ሰሞን ሽማግሎች መጡ። ጅብ በወጉ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሟል። ቀበሮ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ሳለ ነጠላ አጣፍቶ የሽማግሌ ቃል ይናገራል። ፍየልም ከኋላ ቆማለች።

«እመት አህያ፣ እግርና እግር እንኳ ይጋጫል» አለ ቀበሮ። «ለእግዜር ስትይ ይቅር በይ።»

«ይቅር ብል ምን ይሆናል?»

«ክሱ ይዘጋል። ከዚያማ እንደ ድሯችን፣ በዝምድና እንኖራለን።»

«ለኔ ስትይ፣ እቱ» አለች ፍየል።

አህያ የምታጠባውን ውርንጭላ ላለማስደንገጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«ይቅር ማለት የእግዜር ሥራ ነው፤ እሱ ይቅር ይበላችሁ። እኔ ግን አያ ጅቦን ይቅር አልልም። አንተንም አልልም። አይታ እንዳላየች የሆነችውንም አልልም። ድንጋዩን ከደጄ ራቅ አድርጋችሁ ጣሉት።»

ከዚህ የምንማረው፣ መብቱን በይሉኝታ ያስረከበ ሁሉ ይቅርታውንም እንዲያስረክብ ደጁ መመታቱ እንደማይቀር ነው።