ቶሎ የመለሰው ድምፅ

አንድ ጊዜ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት የገደል አፋፍ ላይ፣ እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ከባሏ ከአያ ቦራ ጋር ትኖር ነበር። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ጨው ጫኝ ነበር። የጭነት ገመድ የበላው የጀርባው ገጣባ ክረምት ከበጋ አይደርቅም። ለዚህ ሲሉ ባልና ሚስት ከቤታቸው ጀርባ፣ በቆሎው መሀል፣ ዕፀ ፋርስ ይተክላሉ። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ጣት የተከፋፈለ፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ተክል ነው። ዳለቻ ቅጠሉን በሰኮናዋ ጨፍልቃ ገጣባው ላይ ትለጥፍለታለች፤ እሱም ሳያቃስት ያድራል።

ጓሮው ድብቅ ነበር። የአያ አንበሶ ደቦል ይህን ቅጠል በልቶ የገዛ ጥላውን ሲያባርር ከዋለ ወዲህ፣ አንበሶ «ተክሉን ባገኘሁበት ጓሮ፣ ባለቤቱንም አብሬ ከሥሩ እነቅላለሁ» ብሎ አስለፍፏል። ስለዚህ ዳለቻና ቦራ ችግኙን በቆሎ ጥላ ሥር ያሳድጉታል፣ ትሉን ይለቅሙለታል፣ ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያውን በግራር እሾህ ያጥሩታል። ከዓይን ይሸሽጉታል። አበባ ሲይዝ ግን ሽታው አይሸሸግም። ያን ጊዜ ዳለቻ በአጥሩ ሥር ፋንድያ ትከምራለች።

«ተመስገን፣ ሽታችን አንድ ቀን ጠቀመን» እያለ ቦራ ይስቅ ነበር።

ሲመሽ ጥበቃውን ይካፈላሉ። እሷ ከጓሮው በላይ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ትቆማለች፤ እሱ ከታች ከአጥሩ ጥግ። በዚያ አገር ከጀንበር በኋላ ለመጀመሪያ ጥሪ የሚመልስ የለም። «ጋኔን አንዴ ይጠራል፤ ዘመድ ይደግማል» ይባላል። ስለዚህ ዳለቻ «ቦራ ሆይ!» ትላለች፤ ዝም ይላል። ጥቂት ቆይታ «ቦራ ሆይ!» ብላ ትደግማለች። ያኔ ከታች ከበቆሎው መሀል፣ «አለሁ፣ ዳለቻዬ!» የሚል ወፍራም ድምፅ ይመጣል። ሌላ ነገር አይነጋገሩም። ለመተኛት ይህ ይበቃት ነበር።

አንድ ቀን ቦራ ጨው ጭኖ ዳገቱን እንደ ወጣ ቀረ። ፈላጊዎች ያገኙት የተበጠሰ ገመድና መንገድ ላይ የተበተነ ጨው ብቻ ነው። ሬሳ አልተገኘም። ሬሳ ካልተገኘ ደግሞ ዳለቻ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። «መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ፣ ያን ዳገት ከልጅነቱ ጀምሮ የወጣውን ባሏን።

ቦራ የዘራው ዕፀ ፋርስ ያኔ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር። ዳለቻ ብቻዋን አረመችው፣ ብቻዋን አጠረችው። አበባ ያዘ። የሚቀባ ገጣባ ግን በቤቱ አልነበረም። ያም ሆኖ ሲመሽ ካቡ ላይ ወጥታ ትጣራለች፤ ትደግማለች። የታችኛው ጥግ ዝም ይላል።

እንዲህ ስትል ከረመች። አንድ ምሽት ነፋሱ ጸጥ ብሎ የበቆሎው ቅጠል እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰቅሎ ነበር። ከአጥሩ ዳር ያለው የዕፀ ፋርስ ራስ ግን ይንቀሳቀሳል። ዳለቻ ጆሮዋን አቆመች።

«ቦራ ሆይ!»

«አለሁ፣ ዳለቻዬ!»

ድምፁ የእሱ ነው፤ ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ሰንጠቅ የሚል።

«ቦራ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አትቅረቢኝ! ካየሽኝ እጠፋለሁ።»

«የት ነበርክ እስከ ዛሬ?»

«ከዳገቱ ማዶ። ይበርዳል። ጨለማ ነው።»

«ገጣባህስ?»

«ምኔ?»

«ገጣባህ ነዋ! ዳነልህ?»

«እ… አዎን፣ እሱማ ድኗል። ስሚኝ ዳለቻዬ፣ ልገባ ብል እሾሁ አገደኝ። ነገ በታች በኩል አጥሩን ንቀይልኝ። ሲመሽም ከክፍተቱ መጥተሽ ቁሚ። አብረን እንሄዳለን።»

ቅጠሉ ተወዛወዘ፤ ከዚያም ጸጥ አለ። ዳለቻ እስኪነጋ ካቡ ላይ እንደ ቆመች ቀረች።

በማግሥቱ ያን ሁሉ ቀን የደከመችበትን አጥር በጥርሷ እየጎተተች ታፈርሰው ጀመር። ከንፈሯ ደማ። ከአጥሩ ሥር የምትኖረው ጎረቤቷ እመት ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ምነው እመት ዳለቻ? ፍየሎቹን ምሳ ጠርተሻል እንዴ?»

«ቦራ መጣ።»

ኤሊ አንገቷን ሰብስባ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ገባች። ቆይታ ከውስጥ ጠየቀች፦ «በዓይንሽ አየሽው?»

«ሰማሁት። ጠራሁት፣ መለሰልኝ። እሾሁ አገደኝ፣ አጥሩን ንቀይልኝ አለኝ።»

«ለስንተኛው ጥሪ?»

ዳለቻ እሾሁን ከአፏ ጣለች። «ለመጀመሪያው። እንግዲህ ናፍቄው ይሆናላ!»

«ዕድሜውን ሙሉ ለመጀመሪያ ጥሪ ሳይመልስ ኖሮ፣ አሁን ሞቶ ቸኮለ?»

«አልሞተም!»

«እሺ፣ አልሞተም። ታዲያ እሾህ አገደኝ አለሽ? ቦራ? የግራር እሾህ እንደ ጎመን ሲበላው እያየሁ ያደግሁ እኔ ነኝ። አጥሩን ሲያጥር ግማሹን ይውጠው አልነበረም ወይ?»

ዳለቻ ልትስቅ ፈለገች፤ የመጣው ግን ሌላ ነው። ራሷን ከአጥሩ ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ለአያ አንበሶ ተናገሪ» አለች ኤሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ብዬ? የከለከልከውን ተክል ሌባ መጣበት ልበለው? መጀመሪያ የሚነቀለው የእኔ አንገት ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ጥሪውና ስሚ። ቶሎ ከመለሰ፣ ምንም ቢልሽ ከካቡ አትውረጂ። ለምኖሽ ቢያለቅስም አትውረጂ።»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዳለቻ ከወትሮው ቀድማ ካቡ ላይ ወጣች። የአበባው ሽታ ከብዶ በጓሮው ላይ ተኝቷል። አጥሩ የፈረሰበት ቦታ ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ተከፍቷል። እሷ ሳትጣራ፣ ከታች ሹክሹክታ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ቅጠሉን አትንካ ብዬሃለሁ!» ቀጭን ድምፅ ነው፤ የአያ ቀበሮ። «የመንደሩን ውሾች የማስተኛበት ነው። እነሱ ሲተኙ ዶሮው ሁሉ የእኔ ነው።»

«አልነካሁም።»

«አፍህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ምላሴ።»

«አረንጓዴ ምላስ አለህ?»

«ዛሬ አለኝ» አለ ጅብ፤ ጉረሮው ሲውጥ ተሰማ።

«ሆዳም! ያንተ ድርሻ አህያዋ ናት አላልኩህም? ሲጠራሩ እየሰማሁ በተማርኩት በባሏ ድምፅ እጠራታለሁ፤ ከክፍተቱ ስትቆም ትይዛታለህ። አሁን ቅጠሉ ውስጥ ተኛ፣ አፍህንም ዝጋ!»

ዳለቻ ሁሉን ሰማች። መሮጥ ትችል ነበር፤ ቤቷ ከኋላዋ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ያ ድምፅ የቀበሮ መሆኑን አውቃለች። ያም ሆኖ በዓለም ላይ የቦራን ድምፅ የያዘ ከዚያ ሌባ ጉረሮ በቀር ሌላ እንደሌለም አውቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለች በልቧ። አንድ ጊዜ ብቻ ልስማውና ልግባ።

«ቦራ ሆይ!»

«አለሁ፣ ዳለቻዬ!» ድምፁ ወዲያው መጣ። «ነይ፣ ውረጂ! በርዶኛል።»

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በአፍንጫዋ ወረደ። መግባት ነበረባት፤ እሷ ግን እንደ ጥንቱ ደገመች።

«ቦራ ሆይ!»

ቀበሮም አህያዋን ቅርብ ለማምጣት አስቦ ራሱን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ እንደ ቦራ አድርጎ አናፋ። ጓሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ያኔ ከዕፀ ፋርሱ መሀል ሳቅ ተሰማ። መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር፤ ከዚያም እየጮኸ፣ እየተንከባለለ መጣ። ጅብ ቅጠሉን እስኪጠግብ በልቶ ኖሯል። ተነሥቶ ቆመ፤ ዓይኖቹ እንደ ፍም ቀልተው ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃሉ።

«ቦራ!» አለ ጅብ። «አንተ ባለ ነጭ ግንባሩ! እኔ ዳገቱ ላይ በልቼህ አልነበረም እንዴ?»

ዳለቻ የጨፈነችውን ዓይኗን ገለጠች።

«ዝም በል አንተ ደንቆሮ!» አለ ቀበሮ።

«ገመድህን በጥሼ፣ ጨውህን ደፍቼ፣ አጥንትህን ሳላስቀር! የጨዋማ ሥጋህ ጣዕም እስከ ዛሬ ከጥርሴ አልወጣም። ከሆዴ በየት በኩል ወጣህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ጅቦ! ቀበሮ ነኝ! እየኝ እንጂ!»

«ቀበሮ እንዲህ አያናፋም» አለ ጅብ። «ይሁን፣ ግድ የለም። አሁን ደግሜ እበላሃለሁ።»

ዘሎ ያዘው። የቀበሮ ጩኸት አንዴ በቦራ ድምፅ፣ አንዴ በራሱ ድምፅ ተሰማ። ከጅብ መንጋጋ አምልጦ በክፍተቱ ወጣ፤ ጅብም «ቁም፣ ቦራ!» እያለ ተከተለው። ሁለቱም ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጡ። ድንጋይ አብሯቸው ሲንከባለል ተሰማ። ከገደሉ ሥር የጅብ ሳቅ ጥቂት ጊዜ ወጣ፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ተቆረጠ። በጓሮው ከዳለቻ ትንፋሽ በቀር ድምፅ አልነበረም።

ሲነጋ ዳለቻ ዕፀ ፋርሱን አንድ በአንድ ከሥሩ ነቀለች። ማንም ሳይጭናት ራሷ በጀርባዋ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። የተበጠሰው ገመድ ከተገኘበት፣ ጨው ነክቶት ሣር ካላበቀለው መሬት ላይ፣ ተክሉን አነጠፈችው። አፈር አለበሰችው። ከዚያም ተቀምጣ፣ እስከዚያ ቀን ያልተቀመጠችውን ለቅሶ ተቀመጠች። እመት ኤሊ ለለቅሶው ጠዋት ተነሥታ ጀንበር ስትጠልቅ ደረሰች።

«አረፈድኩ» አለች እያለከለከች።

«እኔም አርፍጃለሁ» አለች ዳለቻ።

ሌሊቱን አብረው በዝግታ ወረዱ። ኤሊ ወደ ጎጆዋ ስትገባ ዳለቻ ባዶው ጓሮ ዳር ካቡ ላይ ወጣች። የበቆሎው ቅጠል ጸጥ ብሏል። ወደ ታችኛው ጥግ ዞረች።

«ቦራ ሆይ!»

ዝም አለ። እንደ ድሮው፣ ለመጀመሪያ ጥሪ ዝም አለ። ዳለቻ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ሳትደግም ወርዳ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ዘጋች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሐዘንተኛ ጆሮ የሚናፍቀውን ድምፅ አስመስሎ የሚጠራ ሁሉ ወዳጅ አለመሆኑንና ሙታችንን የምናከብረው በለቅሶ ስንሸኘው እንጂ በስሙ ለሚመጣ ሌባ አጥራችንን ስናፈርስ አለመሆኑን ነው።